በጀልባ ወለል ላይ የታሰረ እንጨት ሲያፈስ

ጥያቄው ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ፣ ከአንድ አናጢ የመጣ ነው፦ «ሰባት ሜትር ገደማ የምትሆን ባለ ሸራ የፋይበር ጀልባ እንድጠግን ተሰጥታኛለች። የላይኛው ወለሏ ላይ ስድስት ስድስት እግር ያላቸው ሁለት የእንጨት የእጅ መያዣዎችና አራት የእንጨት ገመድ ማሰሪያዎች አሉ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደ ውስጥ ያፈሳል። ባለፈው ክረምት ዙሪያቸውን በሲሊኮን ደፈንኩት፤ ሁለት ወር አልቆየም። በምን ልድፈነው?»

አብሽር፣ የሚድን ነገር ነው። የማሸጊያውን ስም ከመጥራቴ በፊት ግን ሲሊኮኑ ለምን እንደከዳህ እንይ። እሱ ካልተገለጠልህ በውድ ማሸጊያም ያንኑ ስህተት ትደግመዋለህ።

እንጨት በወርዱ ያብጣል፣ በወርዱ ይኮማተራል፤ ፋይበሩ ግን ባለበት ነው። የሐይቅ ውሃ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ የበጋው ፀሐይ ቀኑን ሙሉ እንጨቱን ሲያደርቀው ይውላል፣ ሌሊቱ ያቀዘቅዘዋል፣ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ እስኪጠግብ ይጠጣል። በጣት የተቀባ ሲሊኮን ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ይህን መሄድ መመለስ አብሮ መሳብ አይችልም። በአንድ ጎን ይላቀቃል፤ የፀጉር ያህል ክፍተት ደግሞ ለውሃ ይበቃዋል።

ውሃው የሚገባው በሥሩ ብቻ አይደለም። የቡሎኑን ራስ በሸፈነው የእንጨት ውታፍ ጠርዝም ይገባል። በእንጨቱ ጫፍ፣ ክሩ ተቆርጦ በሚታይበት በኩል ደግሞ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው ይሳባል። ከዚያ ቡሎኑን ተከትሎ ወደ ታች ነው። ዙሪያውን በሲሊኮን ስትደፍነው ከሦስቱ በር አንዱን ዘግተህ መውጫውን ግን ሙሉ በሙሉ ነው ያሳጣኸው። ተደፍኖ የከረመ እንጨት ሲነቀል ሥሩ ጠቁሮ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከወለሉ ልብ ጋር ሲወዳደር ቀላል ነው። እንዲህ ያለች ጀልባ ወለሏ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጥ ፋይበር አይደለም፤ ከላይ ፋይበር፣ ከታች ፋይበር፣ መሐል ላይ ኮምፔንሳቶ ወይም ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት አለ። በቡሎኑ ጎን የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ልብ ነው። ውስጥ ወንበሩ ላይ ጠብ ሲል ያየኸው ልቡ ጠጥቶ የተረፈው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ባሕር ላይ ያለች ጀልባ ጨው የእንጨት አበስባሹን ፈንገስ ዝግ ያደርግላታል፤ የዝናብ ውሃ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም።

ስለዚህ ሥራው ከላይ የሚደፈን ሳይሆን ተነቅሎ፣ ቀዳዳው ታክሞ፣ እንደገና የሚታሰር ነው። ስድስቱንም እንጨት አንሳ። አንዱን ብቻ አንስቶ ሌላውን መተው ዋጋ የለውም፤ ውሃ በልቡ ውስጥ ተጉዞ ከገባበት ርቆ ስለሚወጣ ያፈሰሰው የቱ እንደሆነ ከውስጥ ባየኸው እርጥበት አታውቅም። ማወቅ ከፈለግህ መስኮቱንና በሩን በላስቲክ አሽገህ፣ በነፋሽ ማሽን ወደ ውስጥ አየር እየገፋህ፣ ከላይ በየእንጨቱ ሥር የሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋ የሠራው እሱ ነው።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይሻላል። ወሎ የበልግ ዝናብም ስላለ ከየካቲት በኋላ ክፍት ቀዳዳ ይዘህ ሰማይ ሰማይ ማየት ነው የሚተርፍህ። ለጥምቀት ሰሞን እንዲደርስላቸው ቢያጣድፉህም የማድረቂያ ቀኖቹን አታሳጥር።

ማሸጊያውን በተመለከተ፣ ሲሊኮንን ከዚህ ሥራ አውጣው። ቅባት ባለው እንጨት ላይ አይጸናም፤ የሚተወው ቅባት ደግሞ ቫርኒሽም ሆነ ሌላ ማሸጊያ እንዳይዝ ያደርጋል። የሚሆንህ ፖሊዩሪቴን ነው። ሲካፍሌክስ 291 የተባለው ለጀልባ የተሠራ ነው፤ እሱ ካልተገኘ ለግንባታ መጋጠሚያ የሚሸጠው 11 ኤፍሲም እንዲህ ላለ ሥራ ያገለግላል። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ቱቦ ለስድስቱም ይበቃል። ጠባዩን ግን እወቅ፤ ሙጫም ጭምር ነው። አንዴ ከያዘ እንጨቱ ይሰነጠቃል እንጂ እሱ አይለቅም። ነገ ተነቅሎ ይታይ ለሚባል ነገር ቢውቲል የሚባለው የማይደርቅ የጥቅል ማሸጊያ ይሻላል፤ ለገመድ ማሰሪያዎቹ እኔ እሱን እመርጣለሁ። በላዩ አልሙኒየም የተለበጠውን የጣሪያ ሬንጅ ቴፕ «ያው ነው» ብለው ቢሰጡህ አትቀበል፤ በፀሐይ ይፈስሳል፣ እንጨቱንም ያጠቁረዋል።

አሁን ወደ መንቀሉ። የቡሎኑን ራስ የሸፈነውን ውታፍ በመሮ ቆፍረህ አታውጣ፤ የቀዳዳው ከንፈር ይበላሽና አዲሱ ውታፍ አይገጥምም። መሐሉን በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሳውና አንድ የእንጨት ብሎን አስገብተህ አዙር። የብሎኑ ጫፍ የቡሎኑን ራስ ሲነካ መግባቱን ትቶ ውታፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚያ አንድ ሰው ከላይ ቡሎኑን በካቻቪቴ አጽንቶ ይያዝ፣ አንዱ ከውስጥ ዳዶውን ይፍታ። አሮጌው ማሸጊያ ቡሎኑን ከያዘው ራሱን በቆርቆሮ መበየጃ ጋለል አድርገው፤ ይለሰልሳል። እንጨቱ ወለሉ ላይ ከተጣበቀ በመሮ አትፈንቅለው፤ የወለሉን የላይ ሽፋን ይዞ ይነሳል። የጊታር ወይም የክራር የብረት አውታር በሁለት ቁራጭ እንጨት ላይ ጠቅልለህ፣ በሥሩ አሳልፈህ እንደ መጋዝ ሳበው። እያንዳንዱን እንጨት ከየት ወገን እንደተነሳና የቱ ጫፉ ወደ ፊት እንደነበር በእርሳስ ጻፍበት። ቀዳዳዎቹ አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ አይደሉም።

አሮጌውን ሲሊኮን ማጽዳት የዚህ ሥራ አሰልቺው ክፍል ነው፤ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ በስለት ጫር ጫር አድርገህ በዓይን የሚታየውን ሁሉ አንሳ። ሳትጭር በብርጭቆ ወረቀት ብትጀምር ሲሊኮኑን ወደ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነው የምትደመድመው። ከዚያ በ80 ቁጥር ወረቀት ሽው አድርገህ በአሴቶን በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጥረግና ወዲያው በሌላ ደረቅ ጨርቅ ድገመው፤ አንዱን ጨርቅ እያገላበጥክ መጥረግ ቅባቱን ማዘዋወር ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ጠብታ ውሃ ጣል አድርግበት። ከተንጣለለ ጸድቷል፤ እንደ ጨሌ ክብ ሆኖ ከቆመ ሲሊኮኑ ገና አለ።

ቀጥሎ ልቡን መርምር። የመፍቻ እጀታ ይዘህ በየቀዳዳው ዙሪያ ወለሉን መታ መታ አድርግ። ጤነኛው ጠንካራ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው እንደ ባዶ ሳጥን ዱብ ይላል። ከተጠራጠርክ ከውስጥ በኩል፣ የላይኛውን ፋይበር ሳትነካ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሳና የወጣውን ፍርፋሪ እይ። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ እሰየው። ጠቁሮ በጣት ሲጨመቅ የሚያረጥብ ከሆነ ያ ቦታ መድረቅ አለበት፤ በበጋ ፀሐይ ቀዳዳዎቹ ተከፍተው፣ ማታ ማታ ብቻ ተሸፍነው ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ፍርፋሪው እንደ ጭቃ ከሆነና ዱብ የሚለው ቦታ ከመዳፍ ከሰፋ ግን በቀዳዳ ሕክምና አይድንም፤ የላይኛው ፋይበር ተቆርጦ ልቡ መቀየር አለበት።

ልቡ ደህና ነው እንበል። ዋናው ሥራ ይህ ነው፦ ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያውን በኢፖክሲ (ከማድረቂያው ጋር ሲዋሃድ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) ግድግዳ ታጥሮ፣ ነገ ማሸጊያው ቢከዳ እንኳ ውሃው ልቡን እንዳያገኝ ማድረግ። አንድ ሚስማር ከጫፉ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ላይ በቀጤ ማዕዘን እጠፈው፣ ራሱን ቆርጠህ ጣለውና ትራፓኖ ላይ እሰረው። በቀዳዳው አስገብተህ ቀስ ብለህ ስታዞረው በላይና በታች ያለው ፋይበር ሳይነካ መሐል ያለውን እንጨት ዙሪያውን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይበላል። ፍርፋሪውን በመጥረጊያ ማሽን ሳብና ቀዳዳውን ከታች በስኮች ድፈን።

መጠኑን ላስላልህ። የእጅ መያዣዎቹ 12 ቀዳዳ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ የገመድ ማሰሪያዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው 8 ቀዳዳ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ናቸው እንበል፤ ልቡ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። እያንዳንዱ የተቦረቦረ ቀዳዳ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ሃያው አንድ ላይ 80 ይጠጋል። እንጨቱ የሚጠጣውንና ዕቃው ላይ የሚቀረውን ጨምረህ 150 ሚሊ ሊትር አዘጋጅ። በአንዴ ግን አታዋህደው። ጥልቅ ኩባያ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ኢፖክሲ ከራሱ ሙቀት የተነሳ ሊጨስና ሳትጨርሰው ሊደርቅ ይችላል። ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር፣ ዝርግ ሳህን ላይ። የማድረቂያውን ልክ ዕቃው ላይ በተጻፈው መሠረት በመርፌ ሲሪንጅ ለካ፤ «ቶሎ ይደርቅ» ብለህ ማድረቂያ ብታበዛ ኢፖክሲ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ማድረቂያ ጨመር ሲያደርጉበት የሚፈጥነው ፖሊስተር ሬዚን ነው፤ ፋይበር ሠሪዎች የለመዱት እሱን ስለሆነ ምክራቸውን እዚህ ላይ አትውሰድ። ፖሊስተሩንም በኢፖክሲ ምትክ አትጠቀም፤ እንጨትን አጥብቆ አይዝም፣ ሲደርቅም ይኮማተራል።

መጀመሪያ ቀጭኑን ኢፖክሲ በሲሪንጅ ሙላና ሩብ ሰዓት ያህል ተወው፤ እንጨቱ ይጠጣ። የተረፈውን መልሰህ ሳብ። ከዚያ በቀጭን ወንፊት የተነፋ ደረቅ የሰጋቱራ ዱቄት ጨምረህ እንደ ማር ወፈር ሲል ከሥር ወደ ላይ ሙላው፤ ከላይ ካፈሰስከው አየር ይታፈንበታል። በሐይቅ የቀን ሙቀት 24 ሰዓት ይበቃዋል፤ ሥራውን ደሴ ይዘኸው ከወጣህ ግን ብርዱ ስላለ 48 ሰዓት ስጠው። ሲደርቅ ላዩ የሰም መሳይ ልስላሴ ካለው በውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠበው፤ ሳይታጠብ በወረቀት ብታሸው ወረቀቱ ይደፈናል፣ በላዩም ምንም አይዝም። ጓንት አትርሳ፣ ፋይበር ስትቦረቡርም አፍንጫህን ሸፍን።

አሁን እንደገና ብሳ። ለ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን 6.5፣ ለ8ቱ 8.5። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ አንተ አንድ ነገር ጨምር። የቀዳዳውን የላይ ከንፈር በሰፊ ፑንታ ወይም በማስፊያ እንደ ስኒ አፍ ዘርጋው፤ ለ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን አፉ ወደ 12 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር። ቡሎኑ ሲጠብቅ ማሸጊያው ከእንጨቱ ሥር ሁሉ ተጨምቆ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚህች ስኒ ግን አይወጣም። የቡሎኑን አንገት የሚያቅፍ ወፍራም የጎማ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። የውሃው እውነተኛ በር የሚዘጋው እዚህ ነው።

እንጨቱን ራሱን እይ። የተሰነጠቀ ካለ ቀይረው። ለባሕር ጀልባ የሚሠራበት ቲክ ነው፤ ለእኛ የእጅ መያዣው ከዋንዛ፣ የገመድ ማሰሪያው ከወይራ ቢሆን መልካም ነው። ወይራ ሙሉ ቀዳዳ ሳይበሳለት ብሎን ብታስገባበት ይሰነጠቃል። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጥድ ቋሚ ካገኘህ ለሁለቱም ይሆናል፤ መበስበስን ይቋቋማል፣ ለዓመታት ስለደረቀም አይጣመምም። ባሕር ዛፍ ግን ይቅርብህ። ወይራና ጥድ ቅባት ስላላቸው ማሸጊያ ከመቀባትህ በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ፣ የእንጨቱን ሥር በአሴቶን ጥረገው።

የወለሉ ላይ ትንሽ ጉብታ ስላለ ቀጥ ብሎ የተላገ እግር በመሐሉ ብቻ ይቀመጣል። ወለሉ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ሻካራውን ወደ ላይ አድርገህ በስኮች አጣብቅና እንጨቱን በቦታው ላይ ወዲያና ወዲህ እሸው፤ የወለሉን ቅርፅ ራሱ ይይዛል። ከዚያ ሥሩን፣ ሁለቱን ጫፎችና የቡሎን ቀዳዳዎቹን ውስጥ በቀጭን ኢፖክሲ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀባ። ላዩ በቫርኒሽ እያበራ ሥሩ ጥሬ የሆነ እንጨት ውሃውን በማሸጊያው ሥር አሳልፎ ያስገባል፤ ማሸጊያውም ጥፋቱ ሳይኖርበት ይታማል።

ቡሎኖቹ ስቴንለስ ይሁኑ። ማግኔት አጥብቆ የሚስበው ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ስቴንለስ በጭራሽ አይሳብም ወይም ጥቂት ብቻ ይሳባል። የስቴንለስ ዳዶ በማሽን በፍጥነት ከተነዳ ጥርሱ ተነካክሶ ስለሚቆልፍ ትንሽ ግራሶ ቀባና በእጅ አጥብቅ። ከውስጥ በኩል ለእጅ መያዣው ሰፊ ሮንደላ ይበቃል። ለገመድ ማሰሪያው ግን ጀልባዋ በነፋስ ስትወናጨፍ ጭነቱ ሁሉ በእሱ ስለሆነ 4 ሚሊ ሜትር የአልሙኒየም ላሜራ፣ ከማሰሪያው እግር ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ፣ ከሥር ደርብለት። ወለሉ እየታጠፈ ከሆነ የትኛውም ማሸጊያ አይጸናም።

መታሰሩ ላይ ደረስን። እንጨቱን ያለ ማሸጊያ አስቀምጠህ ዙሪያውን በእርሳስ አስምር፣ ከመስመሩ ውጭ ወለሉን፣ በእንጨቱም ጎን እግሩን በወረቀት ስኮች ሸፍን። ፖሊዩሪቴኑን በእግሩ ሥር አንድ ወጥ መስመር አድርገህ፣ በስኒዋ ውስጥና በቡሎኑ አንገት ዙሪያ ደግሞ ቀለበት አድርገህ ጨምቅ። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ቁራጮች በየእግሩ ሥር ጣል ብታደርግ ማሸጊያው ተጨፍልቆ እንዳያልቅ ይጠብቁልሃል። ቡሎኖቹን አስገባና ከውስጥ ዳዶውን ብቻ እያዞርክ፣ ማሸጊያው ዙሪያውን ሳይቋረጥ ብቅ እስኪል አጥብቅ። እዚያ ላይ ቁም። ልበ ደረቅ ሆነህ እስከ መጨረሻው ብታጠብቀው ጎማው ሁሉ ወጥቶ የቀረህ ቀለም ያህል ስስ ነገር ነው፤ ሲሊኮንህ የሞተበት በሽታም ያው ነው። የወጣውን በስፓቱላ ጥረግ፣ ስኮቹን ሳይደርቅ አንሳ።

ፖሊዩሪቴን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው። ዕቃው ላይ በቀን 3 ሚሊ ሜትር ይላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር ግን ይዘገያል። በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ዕለት ከቱቦው ጨምቀህ ለሙከራ ያስቀመጥከው ጉብታ ተቆርጦ ላዩ ብቻ ሳይሆን ውስጡም ጎማ ከሆነ፣ ዳዶውን ሩብ ዙር ጨምር። ቡሎኑ ከላይ በካቻቪቴ ተይዞ አይንቀሳቀስ፤ ከዞረ በአንገቱ ዙሪያ የያዘው ጎማ ይቀደዳል። ለገመድ ማሰሪያው ቢውቲል ከሆነ የመረጥከው፣ በቀትር ሙቀት ጥቂት ጥቂት እያልክ ሦስት አራት ቀን አጥብቀው፤ በማለዳ ብርድ ጠንካራ ነውና አይጨመቅም።

ከውስጥ በኩል ዳዶው ላይ ማሸጊያ አትቀባ። «ለበለጠ ደኅንነት» ብሎ ከታች የሚደፍን ሰው ውሃውን ልቡ ውስጥ ነው የሚያቆረው። ነገ ከላይ ቢያፈስ ከታች ጠብ ብሎ እንዲነግርህ ክፍት ተወው።

ውታፎቹን ከዚያው እንጨት ቁረጥ፤ ክራቸው ከመያዣው ክር ጋር ይግጠም፣ ጥልቀታቸው ከ6 ሚሊ ሜትር አይነስ፣ አለዚያ ተፈናጥረው ይወጣሉ። በኢፖክሲ ሳይሆን በቫርኒሽ አጣብቃቸው፤ ከዓመታት በኋላ የሚፈታው ሰው ይመርቅሃል። የተረፈውን ስትቆርጥ መጀመሪያ ከፍ አድርገህ በመሮ ንካውና ክሩ ወደየት እንደሚሄድ እይ፤ ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ በሌላው ወገን ዙር።

ቫርኒሹ ከ5 እስከ 6 ስስ ቅብ ይሁን፤ የመጀመሪያው ግማሽ በግማሽ በአኳራጃ የቀጠነ፣ ሁለተኛው ሩብ፣ ከዚያ በኋላ እንዳለ። በየመሐሉ በ220 ቁጥር ወረቀት። ፀሐይ የሚችል የውጭ ቫርኒሽ መሆኑን አረጋግጥ፤ የቤት ዕቃው ቫርኒሽ አንድ በጋ አይጨርስም። የተልባ ዘይትም በክረምት ሻግቶ ይጠቁራል።

ከሳምንት በኋላ እያንዳንዱን ዳዶ ከውስጥ በጠመኔ ዱቄት ነስንሰው። አንድ ሰው ከላይ ከዝቅተኛው እንጨት ጀምሮ በእያንዳንዱ ላይ ለአሥር ደቂቃ ውሃ ያፍስስ፤ ከዝቅተኛው ጀምር ያልኩህ ከላይ የሚወርደው ውሃ እንዳያሳስትህ ነው። የጠቆረ ጠመኔ ያለበትን ቡሎን ብቻ ፈትተህ ድገመው። ከቱቦው የተረፈውን አፉ ላይ ብሎን አስገብተህ በስኮች ጠቅልለው፤ ቢሆንም ወር ሳይሞላ ስለሚደርቅ ሌላ የሚታሸግ ነገር ካለ በዚያው ሳምንት ሥራው።